ቢጫ ቆብ ያደረገችው ሴት

በንጋቱ ክፍል አራተኛው መስመር ላይ ፊት ሆኖ መዋኘት የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ፊት የሆነ ሰው ፍጥነቱን ይወስናል፤ ከኋላ ያለው ሁሉ የሚያማውም እሱን ነው። ስለዚህ በየማለዳው እስከ ደረታችን ውሃ ውስጥ ቆመን መገባበዝ ነበር።

«አንቺ ቅደሚ።»

«ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«እኔማ ዛሬ ወገቤን ይዞኛል። አንተ ሂድ እስቲ።»

እንዲህ ስንባባል ብርዱ አጥንታችን ይገባል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። አንድ ቀን «በቃ፣ እኔ እሄዳለሁ» ብዬ ግድግዳውን ረግጬ ተወረወርኩ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ የለም፤ ፊተኛዋ እኔ ሆኜ ቀረሁ።

ዳጆንግ እባላለሁ። ጉንሳን ወደብ አጠገብ ካለ መነጽር ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ስለካ እውላለሁ። ደንበኛው «ይሄኛው ይሻላል፤ አይ፣ ያኛው፤ እስቲ እንደገና አሳይኝ» ሲለኝ ፈገግ ማለት አለብኝ። ማለዳ የከተማው ገንዳ ውስጥ ገብቼ ካልተነፈስኩ ቀኑ አይገፋልኝም ነበር።

ንዴቴን ላራግፍ ሄጄ ግን ሌላ ንዴት ሸምቼ ነው የምመለሰው። በጋራ ገንዳ የዋኘ ሰው ያውቀዋል። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ ቀኝሽን ይዘሽ ሄደሽ፣ ቀኝሽን ይዘሽ መመለስ። ሌላ ጥበብ የለውም። አንዱ ግን መንገዱ የአባቱ ይመስል መሃል ለመሃል ይነጉዳል። ሌላዋ ግድግዳውን ተደግፋ ወሬዋን ስትሰልቅ የምትዞሪበት ቦታ ታሳጣሻለች። አንዱ ደግሞ አንድ ክንድ ሲቀርሽ ከአፍንጫሽ ሥር ተወርውሮ ይነሳና ፊትሽ ላይ እንደ ኤሊ ያዘግማል። የቢራቢሮ ዋና የሚለማመዱትንማ ተያቸው። በጥፊ ካጮሉሽ በኋላ ዞረውም አያዩሽም።

ይህን ሁሉ ሰው ሥርዓት የሚያስይዙት እትዬ ፒልሱን ነበሩ። ድሮ ዓሣ ገበያ ውስጥ ይነግዱ ነበር፤ ድምፃቸው ዛሬም ገበያውን አልለቀቀም። ገላውን ሳይታጠብ የገባ ሰው በእሳቸው አያመልጥም።

«አንተ ልጅ፣ ሻወር ወስደሃል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ጉልበትህ ለምን ደረቀ? ተመለስ።»

ሰውየው ይመለሳል። የባንክ ሥራ አስኪያጅም ይሁን ፖሊስ፣ በዋና ልብስ ከእትዬ ፒልሱን ጋር የሚከራከር ወንድ አላየሁም።

እሱ የመጣው ባለፈው ዓመት ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው። ረጅም ነው፤ ትከሻው ሰፊ ነው፤ ሲዋኝ ውሃ አያንቦጫርቅም። ጥቁር ቆብና ጥቁር የዋና መነጽር ያደርጋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሌላ መስመር ላይ ነበር፤ ግድግዳ በግንባሩ ሲመታ አይቼው ሳቄን ውጫለሁ። ከዚያ አንድ ማለዳ እኛ መስመር ገባና ቀጥታ ከኋላዬ ቆመ።

ፈጣን ነበር። ፍጥነቱ ከኋላ ይሰማኛል። በእኛ ዘንድ ፊትሽ ያለው ሰው ከዘገየብሽ ተረከዙን በጣትሽ ነካ ታደርጊዋለሽ፤ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ጥግ ይይዝና ያሳልፍሻል። ማንም ቅር አይለውም። እሱ ግን አንድም ቀን አልነካኝም። ስዘገይ ይዘገያል፤ ስፈጥን ይፈጥናል። ጋዜጣ ስታነቢ በትከሻሽ ላይ አንገቱን አስግጎ አብሮሽ የሚያነብ ሰው ምን ያህል ያስጠላል? እንደዚያ ነበር የሆነብኝ።

አንድ ቀን አልቻልኩም። ግድግዳው ጋ ስደርስ ጥግ ይዤ ቆምኩና በእጄ «እለፍ» አልኩት። እሱም ቆመ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ «ግድ የለም፣ አንቺ ቅደሚ» አለኝ።

«አንተ ትፈጥናለህ እኮ።»

«እዚሁ ይመቸኛል።»

«እኔን ግን አይመቸኝም።»

«ይቅርታ» አለና እዚያው ቆመ። ንቅንቅ አላለም።

ከኋላችን ያሉት እየደረሱ እላያችን ላይ ተከመሩ። እትዬ ፒልሱን አፋቸው የገባውን ውሃ ተፍተው፣ «እናንተ ልጆች፣ በር ላይ የምትገባበዙ ሠርገኞች ናችሁ እንዴ? አንዳችሁ ግቡ» አሉ። መስመሩ በሙሉ ሳቀ። እኔ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁና ተወርውሬ ሄድኩ። እሱም ከኋላዬ ተከተለኝ።

ንዴቴ መቼ ሌላ ነገር እንደሆነ አላውቅም። ክረምቱ ገባ፤ ከገንዳው መስኮት ውጭ በረዶ ይወርዳል፤ እኔ ፊት፣ እሱ ኋላ፣ እንሄዳለን እንመለሳለን። አንድ ሳምንት ጉንፋን ይዞት ይሁን ሌላ፣ ቀረ። ከኋላዬ ያለው ውሃ ባዶ ሆነብኝ። በዞርኩ ቁጥር ጥቁሩን ቆብ እፈልጋለሁ። በዚያ ሳምንት አንዲት ሴትዮ ተረከዜን ነካ ስታደርገኝ፣ መብቷ መሆኑን እያወቅኩ ልጣላት ምንም አልቀረኝም። ሲመለስ ደግሞ የደስታዬ ብዛት ትንፋሼን አዛባብኝና ውሃ ጠጣሁ።

ወድጄው ነበር፤ ምን ይደረግ? ስሙን አላውቅም። ዓይኑን አላውቅም። አወራን ቢባል «ቅደሚ» እና «እለፍ» ነው። ቢሆንም ወደድኩት።

ችግሩ የብስ ላይ ነበር። ታጥበን ለብሰን ስንወጣ በትከሻው አውቀዋለሁ። ጫማ መደርደሪያው ጋ ይቆማል፤ ወፍራም መነጽር ያደርጋል፤ የሚወጣውን ሰው ያያል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ልቤ እየመታ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኩት። ደንገጥ ብሎ አየኝ፤ ለማያውቀው ሰው እንደሚደረገው አንገቱን ነቅነቅ አደረገና ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ ወጣ። ሌላ ቀን አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ጎኑ ቆምኩ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሌላ ቀንም እንዲሁ።

ውሃ ውስጥ ጥላዬ ሆኖ እየዋለ ውጭ ሲያገኘኝ ይዘጋኛል። ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል? ምናልባት ስደርቅ አላምርም ይሆናል አልኩ። ፀጉሬን ተቆረጥኩ፤ ከንፈሬን መቀባት ጀመርኩ። ጭራሽ የባሰ ሸሸኝ። ከዚያ ኩራቴ መጣና እኔም በተራዬ ሳላየው ማለፍ ጀመርኩ።

በዚህ መሃል ነው ማስታወቂያው የተለጠፈው። ገንዳው ሊታደስ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅም። መልበሻ ክፍሉ ለቅሶ ቤት መሰለ። ግማሾቹ ኢክሳን ከተማ ሄደው ሊመዘገቡ፣ ግማሾቹ ከወንዙ ማዶ ላለው ገንዳ ወረፋ ሊይዙ፣ ሌሎቹ ተራራ ለመውጣት ተነጋገሩ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱ የት ይሄዳል? ውሃው ከተደፋ፣ ስሙን የማላውቀውን ሰው የት ብዬ አገኘዋለሁ? ሄጄ እንዳልጠይቀው ደግሞ ፊት ነስቶኛል። ሌሊት ተኝቼ «ነገ እጠይቀዋለሁ» እላለሁ፤ ጠዋት መነጽሩን ሳይ ወኔዬ ይከዳኛል።

እትዬ ፒልሱን ለመለያያ የሚሆን የጋራ ቆብ እናሠራ አሉ። ቀለሙ ምን ይሁን ተብሎ ስንጨቃጨቅ ቆየንና በመጨረሻ እሳቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «የዚች ልጅ ቢጫ ጥሩ ነው። ማንም ቢሰምጥ ከሩቅ ይታያል።» በቃ፣ ቢጫ ተባለ። እስከዚያ ቀን በመስመራችን ቢጫ ቆብ የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

በመጨረሻው ቀን ቆቦቹ ታደሉ። ገንዳው ዳር ተደርድረን ስንቆም እኔ ራሴ አሮጊቷን ከወጣቷ መለየት አቃተኝ። ወንዶቹም ይደርሳቸዋል ተብሎ ነበር፣ ግን ቁጥሩ ስላነሰ ሴቶቹ ብቻ ወሰድን። እሱ አልመጣም። ውሃ ውስጥ ገባን፤ አሁንም የለም። መምራትም አስጠላኝና «እትዬ፣ ዛሬ እርስዎ ይምሩን» አልኳቸው።

«እኔ? እስከ ምሳ ትዋኛላችኋ።»

«ይሁን፣ የመጨረሻ ቀን ነው።»

ፊት ሆኑ። እኔ ከብዙ ሰው በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ገባሁ። አንድ ሁለቴ እንደተመላለስን እሱ በሩጫ መጣ። ገንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ አንገቱን ወዲያ ወዲህ አለና ወደ መስመሩ ራስ ሄደ። ከእትዬ ፒልሱን ቀጥሎ ገባ። እትዬ ፒልሱን ውሃ ላይ እንደ ተንሳፈፈ ትራስ ናቸው፤ እሱ ግን በትዕግሥት ከኋላቸው ያዘግማል። እኔን ዞሮም አላየኝ።

ከዚያ ግድግዳው ጋ ቆሙ። ጎንበስ ብሎ አወራቸው። አንድ ቃል ሁለት ቃል አይደለም፤ ረጅም ወሬ። እሳቸው መነጽራቸውን ሳያወልቁ ሰሙት፤ በሳቅ ትከሻቸው ተርገፈገፈ። ድምፅ ሳያወጡ ራሳቸውን ብቻ ነቅንቀው እሺታቸውን ገለጹለት። እሱ ወዲያው ከውሃ ወጥቶ ሄደ።

ማውራት ይችላል ማለት ነው። ለሁሉም ያወራል፤ ለእኔ ነው ቃል የጠፋው። የመጨረሻ ቀኑን እንኳ «ደህና ሁኚ» ሳይለኝ ሄደ።

እጅ ለእጅ ተያይዘን «በርቱ» ተባብለን ፎቶ ልንነሳ ነበር። እኔ አልቆየሁም። ታጠብኩ፣ ፀጉሬን አደረቅኩ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የልብስ ሳጥኔን ቁልፍ መለስኩና ፌርማታው ላይ ሄጄ ቆምኩ። ማልቀስ አምሮኝ ነበር፤ ግን ሰው አለ።

ሽንኩርት በላስቲክ የያዘች አንዲት ሴትዮ ብቻ ነበረች ከእኔ ጋር። ትንሽ እንደቆየን እሱ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሾርባ ቤት ወጥቶ እየሮጠ መጣ። ኮት አልለበሰም፤ ፀጉሩ ውሃ ያንጠባጥባል። መጀመሪያ ሴትዮዋን «እናቴ፣ ይዋኛሉ?» አላት። ሴትዮዋ ሽንኩርቷን ወደ ደረቷ አስጠግታ ፈቀቅ አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ከዋና ነው የመጣሽው?»

አየሁት። ይቀልዳል እንዴ? አይቀልድም ነበር። የመነጽሩ መስታወት በእንፋሎት ተሸፍኗል፤ በሸሚዙ ጠረገው። በሥራዬ ብዙ መነጽር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ዓይነት ወፍራም መስታወት ግን የሚገጥመኝ አልፎ አልፎ ነው።

«ብመጣስ?» አልኩት።

«አንዲት ሴት እፈልጋለሁ። ቢጫ ቆብ ያደረገች።»

«ዛሬ ሁሉም ቢጫ ነው ያደረገው።»

«እሱ ነው ጉድ የሠራኝ» አለና ትንፋሹን ሰበሰበ። «ዓመት ሙሉ አንዲት ብቻ ነበረች። ዛሬ የመጨረሻ ቀን ነው፣ ዛሬ ካልነገርኳት አበቃ ብዬ ሌሊቱን ስዘጋጅ አደርኩ። ሻወር ቤት ቆሜም ስለማመድ ረፈደብኝ። ገብቼ ፊት ያለችውን ቢጫ ቆብ ተከተልኩ። ዘገየችብኝ። መለያየቱ ከብዷት ነው ብዬ አዘንኩላት። ግድግዳው ጋ ቆመን ቁርስ ልጋብዝሽ አልኳት፤ ሌላም ብዙ ነገር አልኩ። ራሷን ነቅንቃ እሺ አለችኝ። ሾርባ ቤት ተቀምጬ ስጠብቅ አንዲት አያት መጥተው ፊቴ ተቀመጡ።»

ሳቄ መጣ፤ ከንፈሬን ነከስኩት። «ምን አሉህ?»

«'ሾርባውን እኔ እጠጣዋለሁ፤ አንተ ልጅቷን ፈልግ' አሉኝ። ምልክቷን ይንገሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። 'ዓመት ሙሉ ተረከዟ ሥር ከርመህ ምልክት ከእኔ ትጠይቃለህ?' ብለው እንቁላላቸውን መላጥ ጀመሩ።»

«ስሟ ማን ነው?»

«አላውቅም።»

«መልኳስ?»

«እሱንም አላውቅም። ያለ መነጽር ዓይኔ አይሠራም። ለዋና የሚሆነው መነጽር በእኔ ቁጥር አይሠራም አሉኝ። መጀመሪያ ሰሞን ግድግዳ በግንባሬ ስመታ ነበር፤ ልተወው ወስኜ ነበር። ከዚያ ያ ቢጫ ነገር ታየኝ። እሱን ከተከተልኩ ግድግዳው የት እንዳለ አውቃለሁ።»

እኔ ዓይን መርማሪዋ፣ እኔ የሰው ዓይን ስለካ የምውለው፣ አንድም ቀን አላሰብኩትም። ንቆኝ ነው ብዬ ዓመት ሙሉ ስቃጠል።

«ለግድግዳው ብለህ ነዋ የምትከተላት» አልኩት። ድምፄ ቀጠነብኝ።

«መጀመሪያ ለግድግዳው ነበር» አለኝ። መኪና አለፈ። «ሲደክማት የግራ እግሯ ይዘገያል። ሰው ፊቷ ሲቆም ትናደዳለች፤ ውሃው ራሱ ይነግርሻል። ግን አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መሃል መንገድ ላይ እግራቸው ተኮማተረና ቆሙ። ሁሉም አጉረመረመ። እሷ ክንዳቸውን ይዛ ሌላኛውን እጇን ወደ እኛ ዘርግታ መስመሩን በሙሉ አቆመችው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ። ምንም አልተናገረችም። እኔ የታየኝ ቢጫ ቆብና አንድ የተዘረጋ ክንድ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለግድግዳው አይደለም።»

ያን ቀን ረስቼው ነበር። ማንም ያየኝ አልመሰለኝም ነበር።

«በየማለዳው ጫማ መደርደሪያው ጋ እቆማለሁ» አለ፣ ዓይኑ በገንዳው በር ላይ ሆኖ። «የሚወጡትን ሴቶች አያለሁ። ይህቺ ትሆን? ያቺ ትሆን? ሰው ሲደርቅ ሌላ ሰው ነው። ሌባ መስዬ እንደምታይ አውቃለሁ። ከነገ ጀምሮ ደግሞ የምቆምበት በርም የለም። እባክሽ እህቴ፣ አንድ ቦታ ስትዋኝ ካገኘሻት ስሜን ንገሪልኝ። ሀንጊል ይባላል በያት። ፕዮ ሀንጊል።»

«አልነግርልህም።»

ፊቱ ወደቀ። «ለምን?»

«ሰላም ስትልህ ስለዘጋሃት። ጫማ መደርደሪያው ጋ፣ በረዶ የጣለ ቀን። ጎንበስ ብላ ሰላም ስትልህ ጫማህን እየጎተትክ ጠፋህ።»

«እሷ አይደለችም። ያቺ ሌላ ሴት ናት... አፍጥጬ ሳያት ያዘችኝ፤ የተቆጣች መሰለኝና አፍሬ...»

አረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ቀስ ብሎ ከበሩ ላይ ዓይኑን አነሳና ወደ እኔ መለሰ።

አውቶቡሱ መጣ። በሩ ተከፈተ። ሴትዮዋ ሽንኩርቷን ይዛ ተሳፈረች። ሹፌሩ «ትገቢያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እጄን አወዛወዝኩለት። በሩ ተዘጋ።

እሱ ግንባሬን አየ፤ ዓይኔን አየ፤ የተቀባሁትን ከንፈሬን፣ የተቆረጥኩትን ፀጉሬን አየ። ሱቅ ውስጥ ስንት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጬ ዓይን አያለሁ፤ እኔን እንዲህ ያየኝ ሰው አልነበረም። የማደርገው ጠፋኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ፣ መልሼ አወጣሁት።

«ዳጆንግ ነው ስሜ» አልኩት። «ኦክ ዳጆንግ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ዓይኑን ግን አልነቀለም።

«ምነው ዝም አልክ? ምን አየህ?»

«ቆይ፣ አታቸኩዪኝ» አለኝ። «ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ነው የማየው።»

አውቶቡሱ ጥጉን ዞሮ ሄደ። ሥራ ረፍዶብኛል። አላቸኮልኩትም።